ዝም አሰኚዋ ጠብታ

«አሽተሻል እንጂ! ሳታሺውማ እንዲህ አይሆንም።» ነርሷ ይህን ስትል የምርመራ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ የተደረደረው ሰው ሁሉ ሰማ። በያጁም ሰማ። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ፣ የእህቱን ቦርሳ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነበር የሚጠብቃት። «አላሸሁም!» አለች እህቱ ከውስጥ በንዴት። «እጄን ወደ ዓይኔ አላስጠጋሁም። ከፈለግሽ ወንድሜን ጠይቂው፣ ውጭ ተቀምጧል።» የአግዳሚው ሰዎች ዞር ብለው አዩት። እሱ ጫማውን አየ።

ልጅቷ ዓይኗን በሌዘር ከተሠራች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። የኮርኒያዋን፣ ማለትም የዓይኗን የፊተኛ ግልጽ ሽፋን፣ ላይኛውን ስስ ቆዳ አንስተው፣ በጨረሩ ቅርጹን አስተካክለው፣ ቁስሉ ላይ ከሽንኩርት ገለፈት የሳሳች ሌንስ አልብሰው ነበር የሸኟት። «ይቺ ፋሻ ናት» ብለዋት ነበር ዶክተሩ፤ «እንድታዪባት አይደለም፣ ቁስሉን እንድትሸፍንልሽ ነው። ከሥሯ አዲስ ቆዳ ከዳር ዳር እየተሳበ መጥቶ መሃል ላይ ይገጥማል፤ በአምስተኛው ቀን እናነሳታለን።» ዛሬ ፋሻዋን ሊያስነሱ ነበር የመጡት፤ ልጅቷም ጠዋት ታክሲ ውስጥ እያፏጨች ነበር። አሁን ግን ዶክተሩ በማጉያው አጎንብሰው አንዱን ዓይን አይተው፣ ሌላውን አይተው፣ ወንበራቸውን ወደኋላ ገፍተው፣ ቁስሉ በሦስተኛው ቀን መሆን ከነበረበት ቦታ ንቅንቅ አላለም አሉ። በሁለቱም ዓይን።

ዶክተሩ እንደ ነርሷ አይጮኹም። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ጆሮውን ይቀስራል። በያጁም ቀሰረ። «እኔ ካዘዝኩልሽ ሌላ የጨመርሽው ጠብታ አለ?» «የለም።» «ማደንዘዣ ጠብታስ? ከመድኃኒት ቤት የተገዛ፣ ወይ ሰው የሰጠሽ?» ልጅቷ ትንሽ ዘገየች። «የለም ዶክተር።» ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሱና ለነርሷም ለእሷም እንደሚያስረዱ ሆነው ቀጠሉ፤ ማደንዘዣ የሚያስተኛው ሕመሙን ብቻ አይደለም፣ ቁስሉን ሊደፍን የሚጓዘውንም ቆዳ ያስተኛዋል፤ ሰውየው ተሻለኝ ሲል ዓይኑ ከሥር እየሟሟ ይሄዳል፤ እንዲህ ሆኖ የመጣላቸውን አንድ ሰው ዓይን ማትረፍ አልቻሉም። «አንቺ ካልተጠቀምሽ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን። አዲስ ሌንስ አድርጌልሻለሁ። ከነገ ወዲያ ካልደፈነ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳን ደግሞ መነጽርም አያስተካክለው።» ነርሷ ያኔ ነው «አሽተሻል» የሚለውን እንደገና ያነሳችው።

የበያጁ እጅ ሳያዘው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ገባ። ብልቃጧ እዚያው ናት፤ ነጭ፣ የአውራ ጣት የምታህል። በያጅ ሁሉ ያውቃታል። ማስኩን ሳያወርድ «አንዴ ብቻ» ብሎ የበየደ ሰው፣ ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ያህል ሲንከባለል ያድራል፤ ብየዳ መታው ይባላል። ጥሬ ድንች ቆርጦ የሚለጥፍ አለ፣ ርጥብ ፎጣ አስሮ የሚረግምም አለ። የቆየ ሠራተኛ ግን ከመሣሪያ ሳጥኑ ይቺን ብልቃጥ አያጣም። አንድ ጠብታ፣ እስከ ሠላሳ መቁጠር፣ ሕመሙ ድራሹ ይጠፋል። ወርክሾፑ ውስጥ ስሟ «ዝም አሰኚዋ» ነው፤ ከእጅ እጅ ትዞራለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ስለሷ ክፉ ሲያወራ ሰምቶ አያውቅም። በሁለተኛው ቀን ማታ እህቱ፣ ያቺ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ፈተና አርባ ኪሎ ተሸክማ አምስት ፎቅ በሩጫ የወጣችው ልጅ፣ ትራሱን ነክሳ ስታለቅስ አንጀቱ አልችል አለ። ዓይኗን መግለጥ ስላልቻለች ጠብታዎቿን የሚጨምርላት እሱ ነበር፤ ከታዘዙት ሦስት ብልቃጦች መሃል አራተኛዋን ሸጎጠ። «ይቺ ማቀዝቀዣ ናት» አላት። ተኛች። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ አልዘለለም። እውነቱን ለመናገር፣ ለሐኪም ያልታየውን እኔ አየሁ ብሎ በሆዱ ኮርቶም ነበር።

ልጅቷ ሰፊ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ወጣች፤ ክንዱን ያዘች፤ ደረጃውን ወረዱ። አሁን ይናገራል፣ አሁን፣ በሩ ጋ ሲደርሱ፣ ታክሲው ሲመጣ። ታክሲው መጣ፤ ገቡ፤ አልተናገረም። ሾፌሩ የነዳጅን ዋጋ እየረገመ በየመብራቱ ሲቆም፣ እሷ በመነጽሯ ውስጥ ወደሌለ ነገር ዞራ «አላሸሁም እኮ ጋሼ» አለች። «አንተ ታውቃለህ። ጓንትህን እያጠለቅክልኝ አይደል የምተኛው?» እውነቷን ነው። በእንቅልፍ ልቧ እንዳታሸው እስከ ክርን የሚደርሰውን ወፍራም የብየዳ ጓንት ማታ ማታ ያጠልቅላት ነበር። ትናንት ጠዋት የግራው ቀኝ እጇ ላይ፣ የቀኙም ግራ እጇ ላይ ሆኖ አግኝቶት «ለካ አርጅቻለሁ፣ ግራና ቀኝ ጠፋኝ» ብሎ ስቆ ነበር። «አውቃለሁ» አላት። ሆድ ከሀገር ይሰፋል ይላሉ፤ የእሱ ግን ዛሬ ብልቃጧን ለመደበቅ እንኳ ጠበበው።

ሁለቱን አሥራ አምስት ዓመት ይለያቸዋል። እናት አባታቸው ሲያርፉ እሷ ገና ጥርሷን የምትነቅል ሕፃን ነበረች፤ እንደ ዓይኑ ብሌን እያየ ነው ያሳደጋት። እሳት አደጋ መከላከያ ልግባ ስትለው ወርክሾፑ በሙሉ ሳቀ፤ ወንድም ይለኩሳል፣ እህት ታጠፋለች፣ ጥሩ ንግድ ነው ብለው። ሩጫውን አለፈች፣ ገመዱን አለፈች፣ የዓይን ምርመራው ላይ ወደቀች። መነጽር የጢስ ጭምብል ሥር አይገባም፤ ያለ መነጽር ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር ፊደል እንኳ ግድግዳ ነው የምትለው። መርማሪው ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሺ አላት። የሌዘሩ ነገር የመጣው ከዚያ ነው። ያ ቀን እየገሰገሰ ነው፤ ዓይኗ ግን ከሦስት ቀን በፊት ቆሟል፤ ያቆመው ደግሞ እሱ ነው። ይህን ሲያስብ የታክሲው መስኮት አነሰው፤ ከፈተው፤ አቧራ ይገባባታል ብሎ ዘጋው፤ መልሶ ከፈተው። ሾፌሩ በመስታወት አየው።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ የልጅቷን ክፍል መስኮት በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍና ጠበቀቻቸው። ሚስቱ ሕፃናት ማቆያ ነው የምትሠራው፤ ከሥራ ጠባይዋ የተነሳ ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ቋንቋ ነው የምታናግረው። ዛሬ ፈቃድ ወስዳለች። የሆነውን ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሾርባ አሞቀች፤ የልጅቷን ጫማ አወለቀችላት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ የልብስ ቁም ሣጥን፣ በሩ ጀርባ ላይ ሚስማር። በዚያ ሚስማር ላይ ነው በያጁ እነዚህን ቀናት ጃኬቱን የሚሰቅለው፤ ሌሊት ብትጣራ ቶሎ ብልቃጧን ለማግኘት። «ጃኬትህን አውልቀህ ስቀለው እንጂ ጋሼ» አለችው ልጅቷ ገና ከመጋደሟ። «ይሞቅሃል።» እሱ ግን አላወለቀም። በጨለማው ቆሞ የእኩለ ቀኑን ጠብታዎች ጨመረላት፤ ቢጫ ክዳን ያለውን፣ ቀዩን፣ እንባ የሚተካውን። ሦስት። እሷ አንገቷን እንዳቀናች ጠበቀች። «ያቺ ቀዝቃዛዋስ?» «እሷ አልቃለች» አላት። «አልቃለች?» አለች፣ እንዳላመነች ሰው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዘዴው እየተሳበ የመጣለት ያኔ ነው። ብልቃጧን ቢጥላት፣ ከአሁን ጀምሮ አንድ ጠብታ ባይጨምር፣ የተኛው ቆዳ ይነቃል፤ በሁለት ቀን ይገጥማል፤ ማን ያውቃል? እሷ ታምማለች፤ ሕመም ያልፋል። እሱ እህቱን ሊያሳውር የነበረ ሰው ሳይባል፣ እሷም ሳትሰማ፣ ነገሩ እንደ ጢስ ይበናል። ግን ባይገጥምስ? ዶክተሩ ያላወቁትን በሽታ ፍለጋ ሲባዝኑ፣ እውነተኛው ምክንያት ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ቀኑ ቢያልፍስ? ሳሎኑ ውስጥ ወዲህ ወዲያ አለ። ሚስቱ ተቀመጥ አለችው። ተቀመጠ፤ ተነሳ። ወርክሾፕ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ፤ ለሦስት ማቆሚያ መንገድ አውቶቡስ ከመጠበቅ በእግሩ ሄደ።

ወርክሾፑ ውስጥ ለአንድ ትምህርት ቤት የሚሠራ የብረት በር ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ ግማሹ እሱን ነው የሚጠብቀው። ማስኩን አጠለቀ፣ ብየዳውን ለኮሰ፤ መስመሩ እንደ ሰካራም እግር ተጠማዘዘ። አጠፋው። ብረት በሞረድ ሲሞርድ የነበረው ሽማግሌ ባልደረባው ቀና ብሎ «የልጅቷ ዓይን እንዴት ሆነ?» አለው። በያጁ ቀጥታ አልመለሰም፤ ብልቃጧን አውጥቶ አሳየው። «ይቺ ቁስል እንዳይድን ታደርጋለች ሲሉ ሰምተህ ታውቃለህ?» ሽማግሌው ብልቃጧን አየ፣ የበያጁን ፊት አየ፤ ሰውየው ሞኝ አይደለም። «ጨመርክላት?» ሞረዱን አስቀመጠ። «ልኩል ብሎ ዓይን አጠፋ ማለት አንተ ነህ።» በሌላ ቀን ቢሆን ወርክሾፑን የሚያስቅ ንግግር ነበር። ሽማግሌው ራሱ ካለው በኋላ ደነገጠና፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ሄደህ ንገራቸው» አለ። «እኛ ብረት ነው የምናውቀው። ብረት ዛሬ ቢበላሽ ነገ ቆርጠህ ትቀጥለዋለህ።» በያጁ ሄደ፤ ግን ወደ ሐኪም ቤት ሳይሆን ወደ ቤቱ።

በሩን ሲከፍት የሰማው ነገር የልጅቷ ሲቃ ነው። ጠዋት ዶክተሩ ለምርመራ የጨመሩላት ማደንዘዣም፣ የእሱም ለቋታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ከታ፣ ወደፊትና ወደኋላ ትወዛወዛለች፤ እንባዋ ከመነጽሩ ሥር አገጯ ድረስ ይወርዳል። ሚስቱ አጠገቧ ሆና ጀርባዋን እያሻሸች፣ በዚያ በማቆያ ድምጿ፣ «በእንቅልፍሽ ነው የኔ ቆንጆ» ትላታለች። «ሕፃናቱም እኮ ሳያውቁት ነው የሚያሹት። አሽቻለሁ ብሎ መናገር ነውር የለውም፤ ለሐኪሙም ይጠቅመዋል።» በያጁ በሩ ላይ ቆመ። እህቱ እንደ ጠዋቱ ትጮሃለች፣ አላሸሁም ብላ ትምላለች ብሎ ጠበቀ። ልጅቷ ግን መወዛወዟን አቆመች። «እሺ» አለች በደከመ ድምፅ። «አሽቼ ይሆናል። አሸች በሏቸው። በቃ።»

ይህ ነው የጨረሰው። እህቱን በእልኳ ነው የሚያውቃት፤ ባላጠፋችው ስትቀጣ ሦስት ቀን የማትበላ ልጅ ነበረች። ያን እልኳን አሁን የእሱ ዝምታ ሲያስወልቃት በዓይኑ አየ፤ ዓይኗ ከመጥፋቱ ያልተናነሰ መሰለው። «ተነሺ» አላት። «ሐኪም ቤት እንመለሳለን። ሳይዘጉ።» ሚስቱ ምን ሆነህ ነው፣ ቀጠሮዋ እኮ ከነገ ወዲያ ነው ብትለው፣ ጫማዋን ፈልጊላት ብቻ አላት። ድምፁ እንዲህ ሲሆን ሰምታ ስለማታውቅ ጫማውን ፈለገች። ታክሲ ውስጥ ልጅቷ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራት። ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር እንደተሸከሙ ሰዎች መሃላቸው ክፍተት ትተው ተቀምጠው ሄዱ፤ እሱ ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ መስሎት ነበር።

ኮሪደሩ ባዶ ሆኗል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ አግዳሚዎቹን ወደ ግድግዳ ትገፋለች። ነርሷ ኮቷን ይዛ ስትወጣ አየቻቸውና «ባሰባት?» አለች። በያጁ ሳይመልስላት አልፎ፣ እህቱን በክንዷ እየመራ፣ የዶክተሩን በር አንኳኳ። ዶክተሩ መነጽራቸውን እያጸዱ ነበር። ሳይቀመጥ ነው የተናገረው። «ዶክተር፣ እህቴ ምንም አላሸችም። እኔ ነኝ። ሕመሙ ሲብስባት ማደንዘዣ ጨመርኩላት፤ እሷ አታውቅም፣ ማቀዝቀዣ ነው ብያት ነው። እኔ በያጅ ነኝ፣ እኛ ጋ ሁሉም ይጠቀማል፣ ጉዳት ያለው አልመሰለኝም። ጠዋት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም ብዬ ነው የሄድኩት።» ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ነርሷ ኮቷን እንደያዘች በሩ ላይ ቀርታለች።

ዶክተሩ አልተቆጡም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። «መቼ ተገዛች?» አሉ። «ዓይኗ በሚሠራበት ዋዜማ፤ ለራሴ ነበር የገዛኋት። አልተከፈተችም ነበር።» «ስንት ጊዜ ጨመርክላት?» «ጠዋትና ማታ፣ በየዓይኗ አንድ አንድ ጠብታ፤ ሦስት ቀን።» ዶክተሩ ብልቃጧን አንስተው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቋት። ድምፅ የለም። ዘቅዝቀው ጨመቋት፤ አንዲት ጠብታ አፏ ላይ ተንጠለጠለች፣ ሌላ አልመጣም። «ወንድሜ፣ ይቺ ውስጥ መቶ ያህል ጠብታ ነበረ። አንተ የምትለው ከአሥራ ሁለት አይበልጥም።» በያጁ ብልቃጧን አየ። ከዚያ የግራና የቀኝ ጓንቱ መጣለት፤ ቀጥሎ «ጃኬትህን ስቀለው እንጂ» ያለችው። ወደ እህቱ ዞረ። አንገቷን ደፍታለች፤ በጣቶቿ የመነጽሯን እጀታ ይዛለች። ለማሰብ ጊዜ አልወሰደም። «ሁሉንም እኔ ነኝ» አለ ለዶክተሩ። «ቆጠራ አልችልበትም። ሌሊትም እየተነሳሁ ስጨምርላት ነበር።»

«ውሸቱን ነው» አለች ልጅቷ።

«ሲተኛ ከኪሱ እያወጣሁ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ጓንቱን አውልቄ፤ ከዚያ በጨለማ መልሼ አጠልቀዋለሁ። ገና በመጀመሪያው ጠብታ ምን እንደሆነች አውቄያለሁ፤ ጉሮሮዬ ላይ መረረችኝ። ሰባት ዓመቴ ሆኖ ሲበይድ አፍጥጬ እያየሁት ዓይኔን መትቶኝ፣ ያኔም እሷኑ ነው የጨመረልኝ።» ወደ ወንድሟ አልዞረችም። «ጠዋት ሲጠይቁኝ የለም ያልኩት እሱን እንዳይቆጡት ብዬ ነው። ማታ ማታ የማደርገው እንዳይታወቅብኝም ብዬ ነው፤ ሁለቱንም። አሽተሻል ስትለኝ ግን አናደደችኝ፤ እውነት አላሸሁም።» ነርሷ ኮቷን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ ገባች፤ ፊቷ ቀልቷል። «ጠዋት ክፉ ተናገርኩሽ። ይቅርታ» አለቻት። «ነግሬሽ ነበር እኮ» አለች ልጅቷ፣ በዚያ ሁሉ እንባ መሃል። እልኳ ተመልሷል፤ በያጁ ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው።

ዶክተሩ ወንበሩን አሳዩዋት፤ አገጯን ማጉያው ላይ አስቀመጡ፤ እንደገና ረጅም ጊዜ አዩ። ገና አልሟሟም፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ በጊዜ መጥታችኋል አሉ። ብልቃጧን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሏት፤ የሚዋጥ ማስታገሻ ጻፉ፤ ነገም እንድትመጣ አዘዙ። «አሁን እውነተኛው ሕመም ይመጣል» አሏት። «ከቅድሙ ይብሳል፤ ሌሊቱን አታርፊም። ግን ቆዳው እየሄደ ነው ማለት ነው። እንዳትፈሪው።» የሁለት ወሩን ምርመራ ጠየቀቻቸው። ዶክተሩ ቃል አልሰጧትም። «ይሄ ከገጠመ እናያለን» ብቻ አሉ፤ ልጅቷም ከዚህ በላይ አልለመነችም።

ውጭ የመንገዱ መብራቶች በርተዋል። ታክሲው ውስጥ ማንም ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም፤ በእነሱ ቤት እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይነገርም። በያጁ አንድ ጊዜ ብቻ «ዋሾ» አላት፤ እሷም «ከማን ተማርኩት» አለችው። ሁለተኛው የትራፊክ መብራት ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ትንፋሿን ዋጠች፤ ወገቧ ተቆለመመ፤ ሁለት እጆቿ ተነስተው ወደ ፊቷ አመሩና መሃል መንገድ ላይ ቀሩ።

«መጣ» አለችው።

«ይምጣ» አላት፤ በእሳት ብልጭታ የተጠባበሰ ሻካራ እጁንም ሰጣት። በሁለት እጇ ያዘችው። ቤት እስኪደርሱ አልለቀቀችውም፤ ጣቶቹ ደነዘዙ፣ እሱም እጁን አልሳበም።